ታክሎባን፣ 2013፦ ማስጠንቀቂያው ደርሶ ትርጉሙ ያልደረሰበት የባሕር ሙላት

ለምን ይሄን ጉዳይ መረጥኩ

ሂውስተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ስልኳ ላይ የመጣ ማስጠንቀቂያ ስክሪንሾት አድርጋ ላከችልኝ። ሀሪኬን እየመጣ ነው፣ «ስቶርም ሰርጅ» ይጠበቃል ይላል። «ይሄ ነገር በአማርኛ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ አዋቂ «የባሕር ወጀብ ነው» ብዬ መለስኩላት። «እህ፣ ወጀብ ከሆነማ በሬን ዘግቼ እቀመጣለኋ!» አለችና ሳቀች።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነው የደነገጥኩት። ምክንያቱም በር ዘግቶ መቀመጥ ለነፋስ እንጂ ለዚህ ነገር አይሠራም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሞተው እንደዚያ ሲያደርግ ነው። መልሼ ደወልኩና «ወጀብ ያልኩሽን ተይው፣ ባሕሩ ሞልቶ ከተማ ውስጥ ይገባል ማለት ነው» አልኳት። ሳቁ ቆመ።

ይሄው ግራ መጋባት በአንድ ከተማ ሙሉ ሲደርስ ምን እንደሚመስል በደንብ ተመዝግቦ ያለው ፊሊፒንስ ውስጥ ነው፣ ታክሎባን በምትባል ከተማ። የሰው ስም አልጠራም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። «ስቶርም ሰርጅ» የሚለውን ደግሞ ከዚህ በኋላ «የባሕር ሙላት» እያልኩ እጽፋለሁ። ለምን ይሄን ቃል እንደመረጥኩ ወደ ታች ላይ አለ።

ከተማዋና ባሕሯ

ታክሎባን ሌይቴ በሚባል ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ2010 ቆጠራ 221,000 ያህል ሕዝብ ነበራት። አብዛኛው ከተማ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ነው፤ ኤርፖርቱማ ባሕር ውስጥ ገባ ያለች ጠባብ የመሬት ምላስ ላይ ነው የተሠራው። ድሃው ሰፈር ውሃው ዳር ነው፣ አንዳንዱ ቤት ውሃው ላይ በተተከለ እንጨት የቆመ። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከባሕር ርቆ ሊኖር አይችልም፣ መሬቱም እዚያ ነው የሚገኘው።

ከተማዋ የምትገኘው ሳን ፔድሮ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ነው። ባሕረ ሰላጤው ወደ ደቡብ ሰፊ አፍ አለው፣ ወደ ሰሜን እየጠበበ ይመጣል፣ ታክሎባን ጋ ሲደርስ ይታነቃል። ጥልቀት የለውም። ዘይት ከበርሜል ወደ ጀሪካን ስንገለብጥ የምንጠቀምበትን እንቡቶ አስቡት። ሰፊው በኩል ብዙ ውሃ ከተገፋ ጠባቡ በኩል የት ይሄዳል? ወደ ላይ ነው።

ደግሞ የ2013ቱ የባሕር ሙላት የመጀመሪያው አልነበረም። በጥቅምት 1897 አንድ ታይፉን (ሀሪኬን ማለት ነው፣ በዚያ በኩል እንዲህ ይሉታል) ሌይቴንና ጎረቤቷን የሳማርን ደሴት መትቶ ባሕሩ እስከ 7 ሜትር ከፍ ብሎ መሬት ላይ ወጥቷል። በጊዜው አንድ የየሱሳውያን ካህን፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር፣ ጉዳቱን እየዞረ አይቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። ማለትም መረጃው 116 ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከከተማው ሰው ትዝታ ግን ጠፍቷል።

ባሕር እንዴት ይሞላል

እኛ ባሕር የለንም፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። የባሕር ሙላት ከሱናሚ ይለያል። ሱናሚ ብዙ ጊዜ ከባሕር በታች በሚነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል። የባሕር ሙላትን የሚያመጣው ነፋስ ነው። ትልቅ ትሪ ላይ ውሃ አድርጋችሁ ከአንድ ጎን ሳታቋርጡ እፍ ብትሉ ውሃው ወደ ሌላው ጎን ይከመራል። ታይፉንም እንደዚያው ነው፣ ለሰዓታት እየገፋ ውሃውን ዳርቻ ላይ ይከምረዋል፤ ባሕሩ ጥልቅ ከሆነ ውሃው ከታች በኩል ተመልሶ ያመልጣል፣ ጥልቀት ከሌለው ግን መመለሻ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ላይ ታይፉኑ መሐል ያለው አየር ቀላል ስለሆነ ባሕሩን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል። የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የታክሎባኑ ታይፉን ግፊት 895 እንደደረሰ የጃፓን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ገምቷል፤ የተለመደው 1,010 አካባቢ ስለሆነ ይሄ ብቻውን ከ1 ሜትር በላይ ነው። የቀረው የነፋሱ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ተራው ሞገድ አለ፣ ሞልቶ በወጣው ውሃ ጀርባ ላይ እየተንከባለለ የሚመጣ። ቤት የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከመድረሱ በፊት የተሠራው ሥራ

ታይፉኑ በዓለም ሀይያን ይባላል፣ ፊሊፒንሶች ዮላንዳ ይሉታል። እዚህ ላይ መንግሥት ተኝቶ ነበር የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

የሀገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ፓጋሳ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። የዚያን ጊዜ ከፍተኛ የነበረውን ምልክት፣ ቁጥር 4ን፣ አውጥቷል። መግለጫው ላይ የባሕር ሙላቱ እስከ 7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል በቁጥር ተጽፏል። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራ «ፕሮጀክት ኖህ» የሚባል የሳይንቲስቶች ሥራም ነበር (ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፣ ግን ጎበዝ ነው)፣ እነሱም በኮምፒውተር አስልተው የትኛው ዳርቻ ላይ ስንት ሜትር ውሃ እንደሚጠበቅ አውጥተዋል። ፕሬዚዳንቱ በዋዜማው ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው ለሕዝቡ ተናግረዋል። በሀገሪቱ ዙሪያ ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ መጠለያ ሄዷል። ምግብና መድኃኒትም ቀድሞ ተጭኗል።

ለአንድ ድሃ ሀገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህም ሆኖ በይፋ የተቆጠረው ሟች 6,300 ነው፣ ከ1,000 በላይ ሰው ደግሞ እስካሁን የገባበት አልታወቀም። ታክሎባን ብቻዋን ከ2,000 በላይ ሰው አጥታለች።

ያ ጠዋት

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2013። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ታይፉኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ጊዋን የምትባለውን ከተማ መታ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የማዕበል ማስጠንቀቂያ ማዕከል የነፋሱን ፍጥነት በሰዓት 315 ኪሎ ሜትር ብሎ ገምቶታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሄደና ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ከታክሎባን ደቡብ በኩል ሌይቴ ላይ ወጣ።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ከሰሜን በኩል ስለሚነፍስ የባሕረ ሰላጤውን ውሃ ወደ ውጭ ገፋው። ባሕሩ ሸሸ። ታይፉኑ ሲያልፍ ነፋሱ ዞረና ከደቡብ ምሥራቅ መጣ፤ ያን ሁሉ ውሃ ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ ጫፍ መለሰው። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣሪያ ደረሰ። 5 ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ። ትልልቅ መርከቦች ከባሕር ተነስተው አኒቦንግ በሚባል ሰፈር ቤቶች ላይ ተጋደሙ።

ያልሠራው

መጀመሪያ ቃሉ። መግለጫው የወጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑም «ስቶርም ሰርጅ» የሚለውን እንዳለ ወስደው ይደጋግሙታል። የታክሎባን ሰው አፍ የፈታበት ቋንቋ ዋራይ ነው። ሰው «ስቶርም» የሚለውን ሰማ። ስቶርም ደግሞ ያውቀዋል፣ በየዓመቱ ይመጣል፣ ጣሪያ ይነቅላል፣ ይሄዳል። ከአደጋው በኋላ የተረፉ ሰዎች፣ ባለሥልጣናቱም ጭምር፣ ለጋዜጠኛና ለአጥኚ ደጋግመው የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሱናሚ ቢሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር። በሳይንስ ትክክል ባይሆንም። በ2004 እና በ2011 የሱናሚ ቪዲዮ በቴሌቪዥን አይተዋል፣ ያ ቃል ሥዕል አለው። ይሄኛው የለውም።

«የ7 ሜትር ሞገድ» የሚለው አገላለጽም ራሱ አሳሳች ነበር ብዬ አምናለሁ። ሞገድ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። ባሕር አጠገብ ያደገ ሰው ሞገድ አይፈራም። እዚህ ግን ባሕሩ ራሱ ነው ከፍ ያለው፣ ለሰዓት ያህልም አልተመለሰም።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ። ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚለው ደረጃ የሚለካው ነፋስን ብቻ ነበር። ስለ ውሃው የሚናገረው ከመግለጫው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከጎርፍና ከመሬት መንሸራተት ጋር አብሮ የተጠቀሰ። ሰው ቁጥሩን ሰማ፣ ቁጥሩ ነፋስ ነው፣ ለነፋስ የሚደረገውን አደረገ። ጣሪያውን በገመድ አሰረ፣ መስኮቱን ቸነከረ፣ ግንብ ቤት ያለው ዘመድ ጋ ሄደ። ብልህ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ የተዘጋጀው ግን ለሌላ አደጋ ሆነ። ይሄ ነው ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ።

ሦስተኛው መጠለያው ነው። ይሄ ከቃሉም ይብሳል። ሰው ታዞ፣ ልጁን ታቅፎ የሄደባቸው ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ለነፋስ ጠንካራ ናቸው ተብለው የተመረጡ ነበሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነበሩና ውሃ ገባባቸው። ትልቁ የከተማው አዳራሽ ባሕር ዳር ነው ያለው። ሺህ ሰው ተጠልሎበት ነበር። ላይኛው መቀመጫ ላይ የወጣው ተረፈ፣ ምድር ቤት ከነበሩት ግን የሞቱ አሉ። ታዛችሁ ሄዳችሁ የሄዳችሁበት ቦታ ውሃ ሲገባበት አስቡት።

ብዙ ቤት ደግሞ ሴቶችና ልጆች ወጥተው አባወራው ቀርቷል፣ ቤቱን ከሌባ ሊጠብቅ። ይሄን ሳነብ አልገረመኝም። አዲስ አበባም ቢሆን ቤት ባዶ ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?

ከዚያ በኋላ የመጣው ግርግር ብዙ የተወራለት ነው፣ አላረዝመውም። የሚረዳው ራሱ ተጎጂ ሆነ፤ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ የከተማው ሠራተኛ ቤቱ የፈረሰበት፣ ቤተሰቡን የሚፈልግ ሰው ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ እርዳታ ቀናት ፈጀ።

የሠራው

በዚያው ታይፉን፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ውጤት የታየባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንዷ ጊዋን ናት፣ መጀመሪያ የተመታችው። ወደ 47,000 ሰው ይኖርባት ነበር፤ ሳይጎዳ የቀረ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የሞተው ግን ወደ 100 ሰው ነው። የከተማዋ ከንቲባ «ስቶርም ሰርጅ» የሚለውን ትቶ ለሕዝቡ «ዴሉብዮ» እየመጣ ነው ብሎ ነበር። ዴሉብዮ ከስፓኒሽ የተወረሰ ቃል ነው፣ የኖኅ ዘመኑን የጥፋት ውሃ ማለት ነው። ካቶሊክ ሀገር ውስጥ ይሄ ቃል ማብራሪያ አይፈልግም። ሰዉም ወጣ።

ሁለተኛዋ ቱላንግ ዲዮት የምትባል ትንሽዬ ደሴት ናት፣ ከካሞቴስ ደሴቶች አጠገብ። ወደ 1,000 ሰው ይኖርባታል። በዋዜማው ሕዝቡ በሙሉ በጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት ተሻገረ። ወደ 500 የሚሆኑት ቤቶች ወደሙ። የሞተ ሰው የለም። ምን ነበራቸው? «ፑሮክ» የሚባል የጎረቤት ማኅበር ነበራቸው። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ አደጋ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያወጣ ቀድመው ይነጋገራሉ። ለእኛ ለማስረዳት ቀላል ነው፦ እድር በሉት፣ ከቀብር በፊት የሚሠራ እድር። አካባቢው በዚህ አደረጃጀቱ በ2011 ከተባበሩት መንግሥታት ሽልማት አግኝቶ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሦስቱን እኩል ማወዳደር አይቻልም። ቱላንግ ዲዮት ከሌይቴ ወዲያ ማዶ ናት፣ እንደ ታክሎባን እንቡቶ ጫፍ ላይ አይደለችም። 1,000 ሰው ማውጣትና 221,000 ሰው ማውጣትም አንድ አይደለም። ግን አንድ ነገር ያሳያሉ፤ ሰው ግትር ስለሆነ አይወጣም የሚለው ወሬ ውሸት ነው።

ከዓመት በኋላ የተደረገው ፈተና

በዲሴምበር 2014 ሀጉፒት የሚባል ሌላ ታይፉን ወደዚያው አካባቢ መጣ። በዚህ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ለቆ ወጣ። ታክሎባን ውስጥ ጥሪ ሳይጠብቅ የሸሸ ብዙ ነው። ሀጉፒት ከሀይያን የደከመ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉንም ለዝግጅቱ መስጠት አይቻልም፣ ነገር ግን በይፋ የተቆጠረው ሟች 18 ነው።

ፓጋሳም የባሕር ሙላትን ከነፋሱ ለይቶ ለብቻው ማስጠንቀቅ ጀመረ። በ2015 ደግሞ ከቁጥር 4 በላይ ቁጥር 5 ጨመሩ። አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል፦ በ2010 የባሕር ሙላትን ከሀሪኬን ደረጃ መለኪያው አወጡት፣ ከ2017 ጀምሮ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ የመጣውም እሱ ነው። ምክንያታቸውም ከባድ ነው። ከ1963 እስከ 2012 በአሜሪካ በሀሪኬንና በመሰል ማዕበሎች በቀጥታ ከሞተው ሰው ግማሽ ያህሉን የገደለው የባሕር ሙላት ነው።

ሌላ ቦታ የሚወሰደው ምንድን ነው

ለእኔ ትልቁ፣ ማስጠንቀቂያ ስለ ሰማዩ ሳይሆን ስለ ሰውዬው ቤት መናገር አለበት። «895 ሄክቶፓስካል» ለማን ይጠቅማል? «ነገ ጠዋት ውሃው የቤትህን ጣሪያ ይሸፍናል፣ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ወደዚያ ኮረብታ ውጣ» ቢባል ግን አያትም ይገባዋል። የት፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ፣ ወዴት። የአሜሪካው የአየር ትንበያ ቢሮ በ2008 ሀሪኬን አይክ ሲመጣ ቴክሳስ ውስጥ በጋልቬስተን ዳርቻ አንድና ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው የማይቀር ሞት ሊገጥመው ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር። እንደዚያም ተብሎ ብዙ ሺህ ሰው ቀርቷል። ስለዚህ ቃል ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ ግን ያለ እሱ ምንም አይጀመርም።

ወደ አማርኛው ስመጣ፣ «ማዕበል» ብንል ሞገድም ነው ወጀብም ነው፣ ተምታታ። «ወጀብ» ነፋስና ዝናብ ነው፣ የአክስቴን ልጅ በር ያዘጋት እሱ ነው። «ሙላት» ግን ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወንዝ ድንገት ሞልቶ ከብት፣ እረኛ፣ ሰርገኛ ሲወስድ «ሙላት ወሰደው» ነው የሚባለው። ሙላት ሲመጣ ማንም በር አይዘጋም፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ይሮጣል። እኔ ባሕር አጠገብ ባለ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ማስጠንቀቂያ የምተረጉም ሰው ብሆን ይሄንን እጠቀማለሁ። የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

ከዚህ ቀጥሎ መጠለያው። ለነፋስ የተመረጠ ሕንፃ ለውሃ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ባንግላዴሽ ይሄን በደም ነው የተማረችው። በ1970 የቦላ ሳይክሎን (ሳይክሎን በዚያ በኩል የታይፉን ስም ነው) ከ300,000 እስከ 500,000 የሚገመት ሰው ገደለ፣ አብዛኛውን በባሕር ሙላት። ከ1972 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠኑ፣ በድምፅ ማጉያና በባንዲራ መንደር ለመንደር የሚያስጠነቅቁ፤ በዓምድ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ መጠለያዎች ሠሩ። በ2007 ሲድር የሚባል ሳይክሎን ሲመጣ የሞተው 3,400 ያህል ነበር። አሁንም ብዙ ነው። ከበፊቱ ጋር ግን አይወዳደርም።

የመጨረሻው ያልተፈታው ነው፣ እሱም መሬት ነው። ከአደጋው በኋላ ከባሕሩ 40 ሜትር ድረስ ቤት መሥራት ተከለከለ ተባለ። ለተፈናቀሉት ከከተማዋ በስተሰሜን የሰፈራ ቤት ተሠራ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፣ ቦታው ከገበያውም ከጀልባውም ሩቅ ነው፣ ውሃ በቧንቧ ለማግኘትም ብዙ ተጠብቋል። ከደቡቡ ከታናዋን ጀምሮ እስከ ታክሎባን 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባሕር መከላከያ ግድብ ታቅዶ ግንባታው ተጀምሯል። ዓሣ አጥማጁ ግን ልጆቹን የሚያበላው ከባሕሩ ነው። ከሰፈራው በየቀኑ የትራንስፖርት ከፍሎ መምጣት አላዋጣውም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ቀን ቀን፣ ኋላም ሌሊቱንም፣ ወደ ድሮው ቦታ ተመለሱ።

አኒቦንግ ላይ ቤቶች ላይ ከወጡት መርከቦች የአንዱ የፊት ክፍል ተቆርጦ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። በዙሪያው ጎጆዎች ተሠርተዋል፣ ከእሱ አልፎ ወደ ባሕሩ በኩልም ጭምር።